ከፊልሙ የተቆረጠው ለቅሶ

ወንድሜና እኔ የምንጨቃጨቀው በመሬት አልነበረም፤ በከብትም አልነበረም። በአንድ ፊልም ነበር። ነገሩን የሰማ ሁሉ ይስቅብናል። እናታችን እንኳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣ ፊልም አይታ የማታውቀው፣ ድምፃችን ከፍ ማለት ሲጀምር «ደሞ ያን ጭቃ የዋጠውን ሰውዬ አነሣችሁት?» ትለን ነበር።

ክርክሩ ይህ ነው። ፊልሙ ሁለት መልክ አለው። አንዱ መጀመሪያ በየሲኒማ ቤቱ የታየው ነው፤ ሌላው ያን ጊዜ ተቆርጦ የወደቀው ሁሉ ተመልሶ የተቀጠለበት፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚረዝመው ነው። ጠንቋይና ግዙፍ ሰው ያለባቸው፣ ተረት ተረት የሚሸቱ የፈረንጅ ፊልሞች ብዙ ጊዜ እንዲህ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ። እኔ የአጭሩ ወገን ነበርሁ፤ እሱ የረጅሙ።

እኔ ነገር ሲረዝም አልወድም። የሽማግሌ ምርቃት ሲንዛዛ «አሜን»ን አስቀድሜ የምል ሰው ነኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ አራት ገጽ ድርሰት ሞልቶ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የማስበው የቱን ላስወጣ ብዬ ነው። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም። ወንድሜ ደግሞ ጨው እንዲገዛ ይፋግ ገበያ ተልኮ ሲመለስ ጨውን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የጨው ሻጩን ጠባይ፣ እግሩን የረገጠችውን አህያ፣ ከአህያዋ ባለቤት ጋር የተጣላችውን ሴትዮ፣ ሁሉንም ይዞ ይመጣል። እናታችን ወጥ ጥዳ ጨው ትጠብቃለች። እሱ ገና አህያዋ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያየነው አጭሩን ነው፤ ወረታ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ። ቤታችን ፎገራ ሜዳው ላይ፣ ወደ ይፋግ በኩል ስለሆነና ሁለተኛ ደረጃ የምንማረው ከተማ ስለነበር፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። በሁለት ዓመት ስለምበልጠው አብሳይም ተቆጪም እኔ ነበርሁ። የገለባው ብናኝ ሽሯችን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ቪዲዮ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ የሚንቀጠቀጥ አግዳሚ። መብራት ካልጠፋ የፈለጉትን ያሳያሉ።

ፊልሙ ስለ አንዲት ፀሐይ የሌላት አገር ነው። አንዲት ጠንቋይ ፀሐይዋን ሰርቃ ጉድጓድ ውስጥ ዘግታባታለች። ጥቂት ሰዎች ሊያወጧት ይነሣሉ። መንገዳቸው ላይ ዳርቻው የማይታይ ረግረግ አለ፤ እዚያ አንድ ግዙፍ ሰው ይኖራል፤ መንገደኛ በትከሻው እየተሸከመ ያሻግራል። የፎገራን ክረምት ያየ ሰው ይህን እንዲያስረዱት አያስፈልገውም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲይዘው እኛም ሕፃናቱን በትከሻ፣ አሮጊቶቹን በታንኳ አውጥተናል። ግዙፉ ሰውዬ አንድ በአንድ ሁሉንም አሻገራቸው። የመጨረሻዋን ትንሽ ልጅ ይዞ ሲመለስ እግሩ መስመጥ ጀመረ። ልጅቷን ወደ ዳር ወረወራትና ጭቃው ዋጠው። ከዚያ በሚቀጥለው ሥዕል ሰዎቹ ደረቅ ልብስ ለብሰው፣ ፈረስ ላይ ሆነው፣ ከንጉሥ ግቢ በር ደርሰዋል።

ወንድሜ ከአግዳሚው ተነሥቶ «አያለቅሱለትም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ከኋላ «ተቀመጥ፣ ከለልኸን!» አሉት። አልተቀመጠም። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት መጥቶ ወይ ቁጭ እንዲል ወይ እንዲወጣ ነገረው። ወጣ። እኔ የቀረውን ብቻዬን አየሁ፤ ፀሐይዋ ከጉድጓዱ ወጣች፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ አለቀ። ስመለስ በራችን ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

በሳምንቱ ስንቅ ለማምጣት ቤት ስንሄድ ለእናታችን ሁሉንም ነገራት። ተቀምጣ አዳመጠችውና የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እርሙንም ሳያወጡ ሄዱ?»

«ሳያወጡ እምዬ! ፈረስ ላይ ወጥተው ሄዱ።»

«ምን ያሉ ጉዶች ናቸው» አለች። «ሰው አይዶሉም እንዴ?»

እኛ አገር ለሞተ ሰው እርም ይወጣለታል። ደረት ተደቅቶ፣ የሠራው ተዘርዝሮ፣ ስሙ ተጠርቶ ይለቀሳል። እርሙን ያላወጣ ሰው ኀዘኑ ውስጡ ይቀራል ይባላል፤ እናቴ እንዲያውም እንዲህ ያለው ሰው በመንገድ ሲያልፍ ከአረማመዱ አውቀዋለሁ ትላለች። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ግዙፍ ሰው ጉዳይ በቤታችን እንደ አንድ ያልተጨረሰ የጎረቤት ለቅሶ ሆኖ ቀረ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሁለተኛው ዓመት ለእረፍት ሲመጣ ገና ከመኪና ሳይወርድ በመስኮት ጮኸብኝ። «እታለም! ለቅሶው አለ! ቆርጠውት ነው እንጂ አለ!» ረጅሙን ከአንድ ጓደኛው ገልብጦ አይቶታል። ሰዎቹ ረግረጉ ዳር ተቀምጠው ያለቅሱለታል፤ ብዙ ደቂቃ ያለቅሱለታል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ንጉሡ የሚሄዱት።

እኔ በጄ አላልሁም። እልኸኛ ነኝ፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

«እነሱ ስላላለቀሱለት ነው እኮ እኔ ያለቀስሁለት» አልሁት። «እነሱ ቢያለቅሱ ኖሮ እኔ ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። ለቅሶውን ለእኔ ተዉልኝ፤ አጭሩ የሚበልጠው በዚህ ነው።»

«አንቺ ማን ነሽና? ትከሻው ላይ የተቀመጡት እነሱ!»

«አዘጋጁ የቆረጠው ሳያውቅ ነው? ቢጠቅም አይተወውም?»

«የቆረጠው አዘጋጁ አይዶለም፤ ባለሲኒማው ነው። ሲያጥር በቀን ደጋግሞ ያሳየዋላ።»

ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን በዚህ ብቻ አልለቀውም። ረጅሙ ውስጥ አንድ ፈረስ ነጋዴ እንዳለ፣ ስለ ኮርቻ ዋጋ ሲከራከር እንደሚያመሽ እሱ ራሱ ነግሮኛል። ሁለት ግብዣና አንድ ዘፈንም ተጨምሯል። «ለቅሶውን ስትፈልግ ነጋዴውንም አብረህ ልትሸከም ነው» አልሁት። ነጋዴው ቢቀር ግድ እንደሌለው አመነ። ለቅሶው ግን አይቀርም። ያልተለቀሰለት ሰው የሞተ ሳይሆን የጠፋ ነው የሚመስለው፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ደስታ ሁሉ ውሸት ይሆናል፤ ፀሐይዋ ብትወጣም ውሸት ናት። እንዲህ ነበር የሚለው። እኔም በኋላ ብቻዬን ስሆን ነገሩን አወጣው አወርደው ነበር፤ ለእሱ ግን ይህን አልነግረውም።

«ለመሆኑ ረጅሙን አየሽው?»

«አላየሁትም። ግን ማየት አያሻኝም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

በእርግጥም አላየሁትም። አንድ ጊዜ ፈተና ማረም፣ አንድ ጊዜ መብራት መጥፋት፣ በኋላ ደግሞ ጋብቻ። ሳላየው ነው ዓመታት የተከራከርሁት። እሱን ማናደድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

በምህንድስና ተመረቀ። ሥራ የለም። የአባታችንን ቦታ ተክቶ ሩዙን ከእናቴ ጋር ያርማል፣ ከብቱን ያያል፤ አባታችን ከሞተ ቆይቷል። በነሐሴ መጨረሻ ከአካባቢያችን ልጆች ጋር ወደ መተማ ቆላ፣ ወደ ሰሊጡ ሊወርድ ተነሣ። ለአረሙ ደርሶ፣ አጨዳውን ሠርቶ ይመለሳል። እኔ እርጉዝ ነበርሁ፤ ሆዴ ገፍቷል። ሊሰናበተኝ ወረታ፣ ቤቴ መጣና ረጅሙ ያለበትን ፍላሽ ሰጠኝ።

«ከእንግዲህ ምክንያት የለሽም» አለኝ። «አራስ ትሆኛለሽ፤ የትም አትሄጂም። እስከ ለቅሶው እዪው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እኔ ሳልኖር እንዳትከፍቺው፤ መጨረሻው እንዳጭሩ አይዶለም፤ ስታዪው ፊትሽን ማየት አለብኝ። ለክርስትናው ስመጣ አብረን እናየዋለን።»

«ፀሐይዋ አትወጣም እንዴ?»

«ነገርሁሽ እኮ! ቆይ ጠብቂኝ።»

መስከረም ውስጥ ሴት ልጅ ወለድሁ። እናቴ መጥታ አረሰችኝ። እሱ ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ ወጥቶ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ካለኝ በኋላ ትንፋሽ ሳይወስድ «ፊልሙን ጀመርሽው?» አለ። ከኋላው ጓደኞቹ ሲስቁ ይሰማል። «ገና ነው፤ ልጅህ አታስተኛኝም» ብዬ መለስሁለት። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ኔትወርክ ተቋርጧል አሉኝ። በዚህ ዘመን፣ በእኛ አገር፣ ኔትወርክ ተቋረጠ ቢሉኝ ለምን አላምን? አመንሁ። ጥቅምት ላይ እናቴ ድንገት ከቤት ሰው ተልኮባት ሄደች፤ ወፍ ሩዙን እየጨረሰው ነው ተባልሁ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ በበራችን ፊት ሰው ሲተም ሰማሁ፤ በመስኮት ሳይ የሰፈሬ ሰዎች፣ አስተማሪ ባልደረቦቼ ጭምር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ መናኸሪያው ይሄዳሉ።

«የማን ለቅሶ ነው?» አልሁት ባሌን።

«የማታውቂው ሰው ነው፤ ወደ ይፋግ በኩል ነው» አለና መስኮቱን ዘጋው። «ነፋስ ይመታሻል።»

እናቴ ከብዙ ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። ከስታለች። ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። የለበሰችው አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ነው፤ ሰፍቷታል። ወባ ይዞኝ ነበር አለችኝ።

«እምዬ፣ ምን እንዲህ አሽቀረቀረሽ? ባል ልታገቢ ነው?» ብዬ ቀለድሁባት።

ሳቀች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ቀሚሱ የእሷ አልነበረም። ከግቢያችን በር አጠገብ የምትኖር ጎረቤታችን ልብስ ነበር። እናቴ በመጣች ቁጥር እዚያ ገብታ ጥቁሯን አውልቃ፣ የሰው ቀሚስ ለብሳ፣ የተላጨ ራሷን በሻሽ ሸፍና ነበር ወደ እኔ የምትገባው። ስትመለስ ደግሞ እዚያው ገብታ ጥቁሯን ትለብሳለች። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ደሟ ይረበሻል ይባላል። ሴት ልጅ ከወለዱ እስከ ሰማንያ ቀን፣ እስከ ክርስትናው ይጠበቃል። ወግ ነው። እኔም ለሌሎች አራሶች አድርጌዋለሁ፤ ስቄ፣ ገንፎ በልቼ፣ ሳልናገር ወጥቻለሁ።

ፊልሙን የጀመርሁት አንድ ከሰዓት እናቴ ልጄን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች ነው። ላፕቶፑን አልጋው ላይ አደረግሁት። ፈረስ ነጋዴው መጣ፤ እውነትም አሰልቺ ነው። ግብዣውም አሰልቺ ነው። ልክ ነበርሁ ብዬ ተደሰትሁ። ከዚያ ረግረጉ መጣ። ግዙፉ ሰውዬ ልጅቷን ወረወረና ሰመጠ። ፈረሶቹን ጠበቅሁ። ፈረሶቹ አልመጡም።

ሰዎቹ ወደ ጭቃው ተመልሰው ቁጭ አሉ። ዝናብ ይዘንባል። አንዲት አሮጊት ተነሥታ «እኔን ተሸክሞኛል፤ ክብደቴን አልነገረኝም» አለች። ሌላው ተነሥቶ «እኔን ተሸክሞኛል፤ ፈርቼ ጸጉሩን ስይዘው ዝም አለኝ» አለ። እንዲህ እየተነሡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነገር ተናገሩለት። ትንሿ ልጅ ዳር የቀረውን የሰውዬውን ብትር ጭቃው ላይ ተከለችለት። እኔ እየተረጎምሁ ለእናቴ እነግራታለሁ።

«አስከሬኑስ?» አለች።

«የለም እምዬ። ሳያገኙት ነው።»

«ያለ አስከሬን» አለች። «እስቲ መልሺው።»

መለስሁት። እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። እንደገና «መልሺው» አለችኝ። እንደገና መለስሁት። በሦስተኛው ደረቷን በጡጫዋ ቀስ እያለች መታች፤ ልጄ እንዳትነቃ ነበር ቀስ ያለችው። እኔ ሳቅሁ። «እምዬ፣ ፊልም ነው እኮ!» አልኋት። ስልኬን አንሥቼ እዚያው እሷ ፊት ለወንድሜ ድምፅ ቀዳሁለት።

«አንተ! በቃ አሸነፍህ። ረጅሙ ይበልጣል። እምዬን ብታያት፣ ሦስቴ አስደገመችኝ፤ ለዚያ ለሰውዬህ ታለቅሳለች። ነጋዴው ግን ይቆረጥ፣ በዚህ አልደራደርም። ከዚህ ወዲያ አላየሁም፤ እየጠበቅሁህ ነው። ናና ተኩራራብኝ።»

እናቴ ልጄን አልጋው ላይ አስተኝታ ወጣች። ጓሮ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች። መልእክቴ አንዲት ምልክት ብቻ አወጣ፤ ደረሰ የምትለው ሁለተኛዋ ምልክት አልመጣችም። ኔትወርክ ነው ብዬ ተውሁት።

በክርስትናው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እንግዳ ሲበላ እኔ ዓይኔ በር ላይ ነበር። አልመጣም። ተናደድሁ። «ሰሊጥ በለጠብን!» ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማኝ ተናገርሁ። «የእህቱ ልጅ ክርስትና ስትነሣ ሰሊጥ ያጭዳል! ይምጣ ብቻ!» ሁሉም ትሪው ላይ አቀረቀረ። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ ሽማግሌዎች መጡ፤ የንስሐ አባታችን ከፊት ናቸው። ልጄን እያጠባሁ ነበር። ባሌ ከጡቴ አላቀቃትና ወሰዳት። የዚያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ማን እንደሆነ ብቻ አላወቅሁም።

«ልጄ» አሉ አባ፣ «ሁላችንም በዚህ ዓለም እንግዶች ነን። ወንድምሽ ታሞ ነበር። አርፏል። ቀብሩም እዚያው ቆላ ሆኗል። እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

ይኸው ነው። ከዚህ ያጠረ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ጮኽሁ። ጎረቤት ገባ፣ ባልደረቦቼ ገቡ፣ አብረውኝ አለቀሱ። ነገር ግን እንባቸው አልቆ ነበር። እናቴ ደጅ ድንኳን ተተክሎ፣ ፎቶው ወጥቶ፣ ሙሾ ወርዶ፣ የሜዳው ሰው ሁሉ ሦስት ቀን ተቀምጦ ነበር። ጣራ ገዳም ድረስ ተሂዶ ጸሎት ተደርጎለታል። አርባው ሳይቀር ወጥቷል። ሁሉም እርሙን አውጥቷል። እኔ ገንፎዬን እየበላሁ፣ ባሌ መስኮት እየዘጋብኝ፣ ወንድሜ ተለቅሶለት አልቋል። አንዷ ጀርባዬን እየዳሰሰች «በቃ፣ በቃ፣ ለልጅሽ ስትይ» አለችኝ፤ ገና ሳልጀምር በቃ አለችኝ። ጭቃው ዳር አልነበርሁም። እንደዚያ አጭር ፊልም ፈረስ ላይ አገኘሁት ራሴን።

ኀዘኔ ቅጥ አጣ። ባሌን ለብዙ ቀን አላናገርሁትም። ልጄን አዝዬ እናቴ ዘንድ ሄድሁ። ጥቁር ለብሳ ደጅ ተቀምጣለች፤ ለእሱ በለበሰችው ጥቁር ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«ለቅሶዬን ቀማሽኝ» አልኋት። ለእናት እንዲህ አይባልም፤ እኔ ግን አልሁ። «የገዛ ወንድሜን! ሁላችሁም ጠገባችሁ፣ እኔን ጦሜን አሳደራችሁኝ!»

«ወተትሽ ቢደርቅስ?» አለችኝ። «አንዱን ቀብሬ ሌላዋን ላጣ ኖሯል?»

«ባይሆን ባትመጪ ምን ነበር! ስቀሽብኛል እኮ!»

«እኔስ የት ላልቅስ?» አለች። «እቤቴ ሳለሁ ከሰው ጋር አለቅሳለሁ። አንቺ ዘንድ ስመጣ ፊትሽ የእሱን ፊት ይመስላል፤ እንባዬን ምን ብዬ ላፍስሰው? ያ የጭቃው ሰውዬ ባይመጣልኝ ፈንድቼ እሞት ነበር። መልሺው ያልሁሽ ለዚያ አይዶል?»

አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንባ ግን እምቢ አለኝ። ከመርዶው ቀን ጩኸት በኋላ ደርቄ ቀርቼ ነበር። ወተቴ አልደረቀም፤ እንባዬ ነው የደረቀው።

ሩዙ ታጭዶ በሚወቃበት ሰሞን፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አብሮት ወርዶ የነበረው ጓደኛው ከቆላ ተመለሰ። የጎረቤት ልጅ ነው፣ አብረው አድገዋል። እኔ እናቴ ዘንድ ነበርሁ። ገብቶ እግሯን ሳመና አጎንብሶ ቆመ። ከተቀመጠ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ብዙ አልተሠቃየም፣ እታለም» አለኝ። «ወባ ነው። ፈጥኖ ነው የሄደ።»

«አታሳጥርብኝ» አልሁት። «ሁሉም አሳጠረብኝ። ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ ምንም አታስቀር።»

እናቴን አያት። እሷ «ንገራት» አለችው።

ነገረኝ። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ወንድሜ ለሠራተኞቹ ያን ፊልም በቃሉ ይተርክላቸው ነበር። ረጅሙን ነው፤ እሱ አጭር አያውቅም። እየከፋፈለ ነበር የሚነግራቸው፣ ፈረስ ነጋዴውን እንኳ ሳይተው። ነጋዴውን እሱ ሲያወራው እንደሚያስቃቸው ሰማሁ። ትኩሳቱ ሲይዘው መጀመሪያ ቀኑን ሲያጭድ ዋለ፤ በማግሥቱ መነሣት አቃተው። ሠራተኛ የሚያመላልሰው ትራክተር ሄዷል። ዝናብ ጥሎ ዋልካው መሬት ጨቅይቶ ሌላ መኪና አይገባም። ስለዚህ እየተቀባበሉ በትከሻቸው ተሸክመውት ወጡ። «ጭቃው እንዳይውጣችሁ» ይላቸው ነበር ከላይ ሆኖ፤ ሊያስቃቸው ነው። እነሱም ይስቁለታል። ከዚያ ዝም አለ። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሲታያቸው እሱ አልፎ ነበር።

«ማን አለቀሰለት?» አልሁት። ሌላ ምንም ነገር አልፈለግሁም፤ ይህን ብቻ ነበር የፈለግሁት።

«እኛው። አጨዳውን አቁመን ዋልን። እናት የለ፣ እኅት የለ፣ ሙሾ የሚያወርድ የለ፤ ምን እንደምናደርግ ጠፋን። በኋላ አንደኛው ልጅ ተነሣና እሱ እንደነገረን እናድርግ አለ፣ እንደነዚያ እንደ ረግረጉ ሰዎች። እያንዳንዳችን እየተነሣን አንድ አንድ ነገር ተናገርንለት። ማጭዱን መቃብሩ ላይ ተከልንለት።»

እናቴ ይህን ሰምታው አታውቅም ነበር። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጓደኛው ሊነሣ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ለመናገር ያፍራል። «እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ታሪኩን ሳይጨርስልን ነው የሄደ። ልጆቹ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ እኔ አላውቀውም። ፀሐይቱ ከጉድጓዱ ወጣች?»

«ወጣች» አልሁት። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብቻዬን ያየሁትን ነገርሁት። «ወጣች፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ አለቀ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ አለው ብሎን ነበር።»

«አለው» አልሁት። «እኔም አላየሁትም። እሱ እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጁ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ ተነሣች፤ ልጄን ከጀርባዬ ፈትታ ለእሱ አቀበለችው። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እጄን ያዘችና የወንድሜን ስም ጠርታ ለቅሶውን ከመጀመሪያው ጀመረችልኝ።